ሐውልቱና አጸዱ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር በመኪና የሚወጣ ሰው፣ ዐይኑን ከመንገዱ ግራና ቀኝ አሻግሮ ቢመለከት የሚያየው አብዛኛው የታረሰ መሬት ነው። በመከር ጊዜ ወርቅ መስሎ፣ በበጋ ደግሞ ዐመድ መስሎ እስከ ተራራው እግር ድረስ ይዘረጋል። በዚህ እርሻ መካከል ግን አልፎ አልፎ፣ በየጉብታው ላይ፣ ጥቁር አረንጓዴ የሆኑ ክብ ክብ ነገሮች ይታያሉ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው በተላጨ የሕፃን ራስ ላይ የቀረ ቁንጮ ይመስላሉ። አጠገባችን የተቀመጠውን መንገደኛ «ያ ምንድር ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ ሳይጠራጠር «ጊዮርጊስ ነው» ወይም «ማርያም ናት» ይለናል። «ደን ነው» አይልም።

በትምህርት ቤት ሳለን የመልክዐ ምድር መምህራን ተራራውን እሳተ ገሞራ እንዳቆመው፣ ሸለቆውን ወንዝ እንደ ቈፈረው፣ ዐፈሩን ዝናምና ነፋስ እንደሚያመላልሱት አስተምረውናል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ እኔም ፈተናውን ያለፍሁት ይህንኑ ጽፌ ነው። ሆኖም ከወረታ በላይ ያለውን አገር በዚህ ትምህርት ብቻ እናንብበው ብንል አይነበብም። አንዱ ጉብታ ላይ ጥድና ወይራ ቆሞ፣ አጠገቡ ባለው ጉብታ ላይ አንዲት ቁጥቋጦ እንኳ የታጣችው፣ ዝናሙ በአንዱ ላይ ዘንቦ በሌላው ላይ ስለ ቀረ አይደለም። ዐፈሩም አንድ ነው። ልዩነቱ በአንዱ ጉብታ ላይ ታቦት መኖሩ ነው።

ዛሬ ለአንባቢ ላቀርበው ያሰብሁት ነገር ከዚህ ይነሣል። እምነት በአገራችን ምድር ላይ ሁለት ዐይነት ምልክት አኑሯል፤ አንዱን በሠራው ሥራ፣ ሁለተኛውን በከለከለው ነገር። የመጀመሪያውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ እንኮራበታለንም። ሁለተኛውን ግን ከሐውልት ቈጥረነው አናውቅም። ስላልቈጠርነውም በገዛ እጃችን፣ ያውም በእምነት ስም፣ እያጠፋነው ነው።

ቋንቋችን ራሱ ለነገሩ ምስክር ነው። በግእዝ ደብር ማለት ተራራ ነው፤ ገዳም ማለትም ሰው ያልሰፈረበት፣ ሞፈር ያልገባበት ዱር ወይም በረሓ ነው። ዛሬ ደብር ስንል ካህናቱንና ሕንፃውን፣ ገዳም ስንልም የመነኮሳቱን ማኅበር እናስባለን እንጂ ተራራውና ዱሩ ትዝ አይለንም። ስሙ ከመሬቱ ተነሥቶ ወደ እምነቱ ተሻገረ፤ እምነቱም በፈንታው ያንን መሬት ሲጠብቅ ኖረ። አጸድ የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልተሻገረም። አጸድ ቤተ ክርስቲያኑ በውስጡ የተቀመጠበት ዛፉና ጥላው ነው።

የተሠራውን እናስቀድም። የአክሱም ሰዎች ለታላላቆቻቸው መቃብር ካቆሟቸው ሐውልቶች ትልቁ፣ ዛሬ ወድቆና ተሰባብሮ የሚታየው፣ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት አለው። ድንጋዩ የተፈለጠው ከከተማው በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከጎበድራ ኮረብታ ነው። የኮረብታው ጐን ለሙታን ክብር ሲባል ተቈርሶ ወደ ከተማ ወረደ ማለት ነው። ላሊበላ ደግሞ ከዚህ ያስደንቃል። እዚያ ድንጋይ ከቦታው ወደ ሌላ ቦታ አልተወሰደም፤ አለቱን ከላይ ወደ ታች እየጠረቡ ቤተ ክርስቲያኑን ከምድር ሆድ አወጡት እንጂ። የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ በዙሪያው ካለው መሬት ጋራ እኩል ነውና፣ ወደ እርሱ የሚሄድ እንግዳ ከጕድጓዱ አፋፍ እስኪደርስ ድረስ ፊት ለፊቱ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን አያውቅም። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ወገን የሚከፍለው ፈፋም ዮርዳኖስ ተባለ። ከቤተ መቅደሶቹ አንዱ ጎልጎታ ነው። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ያን ሁሉ መንገድ ለመሄድ ላልቻለ ሰው ኢየሩሳሌም ራሷ ላስታ ድረስ መጣችለት። አንድ ፈፋ ስሙ ሲለወጥ የሚያዩት ዐይኖችም አብረው እንደሚለወጡ፣ የጥምቀትን በዓል ላሊበላ ያከበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የውጭ አገር ጎብኚ ካሜራውን አንግቶ የሚመጣው እነዚህን ለማየት ነው፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሥራ በስፋት ይመዘን ቢባል፣ ላሊበላን የጠረበው መሮ ከነካው መሬት ይልቅ የገጠር ገበሬ መጥረቢያ ሳይነካው የቀረው መሬት እጅግ ይበልጣል። ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 35,000 ያህል ነው። ሁሉም አጸድ አላቸው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ጋ ያለው ከአምስትና ከስድስት ዛፍ አይበልጥም፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ጉሬዛ የሚዘልበት፣ ጠዋት ፀሐይ ወደ ውስጡ ለመግባት የምትቸገርበት እውነተኛ ደን አለ።

ስለዚህ ነገር በሳይንስ መንገድ ብዙ የደከሙት የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። አንባቢ ይልቁን በልብ ወለድ መጻሕፍታቸው ሳያውቃቸው አይቀርም። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት አጸድ ውስጥ ባደረጉት ቈጠራ 168 ዐይነት እንጨታማ ተክል አግኝተዋል። ከአጥሩ ውጪ ያለው እርሻ በዓመት ጤፍና ገብስ፣ ከዚያም ገለባ ብቻ በሚያሳይበት አገር፣ ከአጥሩ ውስጥ ይህ ሁሉ ተሰብስቦ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ኮሶው፣ ከነንቡና ከነወፉ እዚያ ተጠልሏል።

እዚህ ላይ አንድ ተረት ማረም ይገባኛል። ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበረ፤ እኛ ወይም አባቶቻችን ጨፍጭፈን ጨረስነው የሚለውን ቃል በየስብሰባው እየሰማን አድገናል። የታሪክና የመልክዐ ምድር ሊቃውንት ይህን ቁጥር ሲጠራጠሩት ቆይተዋል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን ላይ የተነሡ ፎቶግራፎች፣ ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች ሆነው፣ አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ኖረው ተገኝተዋል። ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 የተነሡትን ወስደው በ2015 ከታየው ጋራ ሲያስተያዩ፣ በደቡብ ጎንደር ያለው አገር ያን ጊዜም አብዛኛው እርሻና ግጦሽ እንደ ነበረ አዩ። አጸዶቹም ያኔ በነበሩበት ቦታ፣ በስፋታቸው ብዙ ሳይጐድሉ ይገኛሉ። የጠፋው በአጸዱና በእርሻው መካከል ቀድሞ የነበረው ቁጥቋጦ ነው። ዛሬ ማረሻው እስከ አጥሩ ሥር ደርሷል።

ይህ ፎቶግራፍ ለእኔ ከማንኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ይናገራል። ከ1938 እስከ 2015 ድረስ ባለው 77 ዓመት ውስጥ መንግሥት ስንት ጊዜ ተለወጠ? የመሬት ሥርዓቱስ? በ1975 በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን የነበራትን ርስትና ጉልት ሁሉ አጥታለች። ረኃብም መጥቶ ሄዷል። የማገዶ ችግር አንድ ቀን አልቀለለም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘበኛ ያልቆመለት፣ የደን ሕግ ያልተነበበለት፣ ዙሪያው የተራበና የበረደው ሕዝብ የከበበው ዛፍ ባለበት ቆየ። ያቆየው «የታቦት ነው» የምትል አንዲት ቃል ናት። በእኛ አገር ከአጸድ የተቈረጠ እንጨት ለቤት ምሰሶ ከሆነ ቤቱ አይሰነብትም ይባላል። ይህን አጉል እምነት ብሎ የሚስቅ የተማረ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ስቄ ነበር። የደን ጥበቃ ደንብ አርቅቆ እንዲህ ያለ ዕድሜ የሰጠው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደ ሆነ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ነገሩ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ አገር ሰው ሀብት ብቻም አይደለም። በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውን የጌዴኦን አገር የተመለከተ ሰው፣ በተራራው ጫፍ እንደ ጨልባ ቱቱቲ ባሉ ቦታዎች የቆሙ ትክል ድንጋዮችን፣ ከበታች ደግሞ ትላልቅ ዛፎች ያጠሉበትን እንሰት፣ በመካከሉም ለሥርዓት የተለዩና በሽማግሌዎች የሚጠበቁ ደኖችን ያያል። ሐውልቱና ዛፉ እዚያ አልተጣሉም። በኦሮሞ ዘንድ ሸንጎ የሚቀመጥበትን የኦዳ ጥላ የሚቈርጥ የለም፤ በወሎም የወሊዮች መቃብር ያለበትን ጉብታ ከሩቅ የሚያሳውቀው ዛፉ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

የእናቴ አባት ያረፉት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገጠር ነው። የተቀበሩትም ራሳቸው በሕይወት ሳሉ በመረጡት ቦታ፣ በደብሩ አጸድ ውስጥ፣ ከአንድ ያረጀ ወይራ ሥር ነው። መቃብራቸው እንዳገሩ ልማድ ድንጋይ የተከመረበት ነበር። እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ልጨርስ በተቃረብሁበት ዓመት፣ አሜሪካን አገር የሚኖረው አጎቴ ለአባቱ ሐውልት ማሠሪያ ገንዘብ ላከ። ሴራሚክ የለበሰ፣ የብረት አጥር የዞረው፣ ፎቶግራፍ ያለበት ሐውልት ነበር ያሰበው። እናቴ ገንዘቡን ይዤ ሄጄ ሥራውን እንዳስጀምር አዘዘችኝ፤ ሄድሁ፤ አሥር ከረጢት ሲሚንቶም ከከተማ በአህያ አስጭኜ ወሰድሁ።

አናጢውና ግንበኛው መጥተው በገመድ ሲለኩ ወይራው መካከል ገባ። ግንዱ ባይነካ እንኳ ሥሩ መሠረቱን ያነሣዋል አሉ። ወደ ገበዙ ሄድንና ጠየቅናቸው። ገበዙ ጥቂት አሰቡና ለሐውልቱ ቦታ ለደብሩ የሚከፈለው ከተከፈለ፣ የሚወድቀው እንጨትም ለቤተ ልሔሙ ማገዶ ከሆነ፣ ሊፈቀድ እንደሚችል ነገሩን። ዙሪያዬን ስመለከት ከዚህ ቀደምም እንደ ተፈቀደ አየሁ። በአጸዱ ምሥራቃዊ ወገን ሰማያዊና ነጭ ሴራሚክ የለበሱ ሐውልቶች እንደ ገበያ ቀን ሰው ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንድ ዛፍ የለም። ከእነርሱ ወዲያ ደግሞ ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት የተቈፈረ ሰፊ ቦታ አለ፤ አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን ጠበበ ስለ ተባለ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ጕልላቱ ከሩቅ የሚታይ ሕንፃ ሊሠራ ነው። ለዚያም ጥዶች ወድቀዋል። በወደቁት ጥዶች ፈንታ በአጥሩ ዳር የተተከለው ባሕር ዛፍ ነበር፤ እርሱ ቶሎ ያድጋል፤ ይሸጣልም።

ገበዙ ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «መሬታችን ከሄደ ወዲህ ለመቀደሻ የሚሆን ዕጣንና ጧፍ የምንገዛው እናንተ ከተማ ያላችሁት በምታመጡት ነው። እናንተ የምታመጡት ደግሞ ለሐውልትና ለሕንፃ ብቻ ነው። ለዛፍ ብሎ ብር የላከ ሰው እስካሁን አላየሁም።» መልስ አልነበረኝም።

ነገሩን ለሴት አያቴ፣ ከመነኰሱ ወዲህ ሁላችን እማሆይ ለምንላቸው፣ ማታ እሳት ዳር ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እኔ በልጅነቴ ከዚያ አጸድ የወደቀ ጭራሮ አንሥቼ እናቴ በእኩለ ቀን መልሳኛለች» አሉ። «ሰውዬው ጥላ ሥር ቅበሩኝ ብሎ ነው እዚያ ያረፈው። አንተ ልጅ፣ አሁን ጥላውን ቈርጠህ ብረት ልታጥርበት ነው የመጣኸው?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከጥናት መጻሕፍት ያነበብሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዶክተር ዓለማየሁና ፕሮፌሰር ደመል ተክታይ በ2006 ባወጡት ጥናት የስምንት አጸዶችን ዐፈር መርምረው፣ ከዛፎቹ የአብዛኛው ዘር በዐፈሩ ውስጥ ተቀብሮ ቆይቶ የሚበቅል እንዳልሆነ አስረድተዋል። የአረምና የሣር ዘር ዓመታት ተኝቶ ይነሣል፤ የዛፉ ግን እንዲህ አይደለም። ገበሬ ለክፉ ቀን እህሉን በጕድጓድ እንደሚያኖር፣ ዐፈሩ ለእኛ ያኖረልን የዛፍ ዘር የለም። ዘሩን የያዘው የቆመው ዛፍ ራሱ ነው። ከዚህም በላይ ከብት በሚገባበት አጸድ የበቀለው ችግኝ አያድግም። ስለዚህ ያ ወይራ ከወደቀ በቦታው የሚተካው ሴራሚኩ ብቻ ነው።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ በደቡብ ጎንደር የተጀመረ አንድ መልካም ሥራ አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋራ ሆነው፣ ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብረው፣ በበርካታ አጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ካብ አስክበዋል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው እርሻ ነው፤ ለገበሬውም ማረሻው የሚቀልለት ሆነ፤ ከብትም አጸዱ ውስጥ መግባቱን ተወ። ካቡንም ያቆመው ባለቤቱ ራሱ ነውና በር እንደሚዘጋ ሰው ይጠብቀዋል። በበኩሌ ይህን ካብ ከአክሱም ሐውልት ባላስበልጠውም፣ ከአጎቴ ሐውልት ግን ያለ ጥርጥር አስበልጠዋለሁ። ሆኖም ካቡ የሚከለክለው ከውጭ የሚመጣውን ነው። በሩን ከፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ተሳልሞ የሚገባውን መጥረቢያ የሚከለክል ካብ የለም። ያንን የሚከለክል ቀድሞ የነበረው ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱን ደግሞ ከአዲስ አበባና ከዋሽንግተን በምንልከው ገንዘብ የሸረሸርነው እኛው ነን።

ሕንፃው አይታደስ፣ ሙታን አይከበሩ ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። ጣራው የሚያፈስ ቤተ ክርስቲያን መጠገን አለበት፤ ሕዝቡ በዝቶ አሮጌው ቤት ካልበቃም ሌላ ይሠራል። አሮጌው ሲሠራ ግን ዛፉ ባለበት ተተውቶ ቤቱ በዛፉ መካከል ቦታ ይፈለግለት ነበር። አሁን ቤቱ ቀድሞ በወረቀት ይነደፋል፤ ዛፉም እንደ ንድፉ ይቈረጣል። ከከተማ ገንዘብ የሚያሰባስቡ የየደብሩ ተወላጆች ማኅበራትም፣ ብራቸውን ሲልኩ ስንት ሜትር ርዝመት ያለው ጕልላት እንደሚፈልጉ በደብዳቤ ይጽፋሉ። በዚያው ደብዳቤ ላይ «አንድም ዛፍ እንዳይነካ» የሚል አንድ መስመር መጨመር ስንት ብር ያስወጣል? የሐውልት ማሠሪያ የሚልክ ልጅስ በዚያው ገንዘብ ለመቃብሩ አንድ ዝርግ የስም ድንጋይ አኑሮ፣ የተረፈውን ለችግኝ ጠባቂ ደመወዝ ቢሰጥ፣ ገበዙ እምቢ የሚሉ ይመስላችኋል? እኔ ጠይቄያቸዋለሁ። «የሚከፈል ከሆነ ምን ገዶኝ» ነው ያሉኝ።

በማግስቱ ግንበኛውን የቀን ሥራውን ከፍዬ አሰናበትሁት። ከአጎቴ ገንዘብ ለደብሩ የሚገባውን ለገበዙ ሰጠሁ፤ የቀረውን ይዤ ተመለስሁ። አጎቴ በስልክ «ለአባቴ አንድ ሐውልት ነፈጋችሁኝ» ብሎ ብዙ ተናገረኝ፤ እስካሁንም እንዳኰረፈኝ ነው። እናቴ ከወንድሟና ከልጇ መካከል ገብታ በደንብ አልተኛችም። ምናልባት አንድ ቀን ራሱ መጥቶ ግንበኛ ይጠራ ይሆናል፤ መብቱ ነው፤ አባቱ ናቸውና።

ሲሚንቶው ግን እማሆይ ዘንድ ቀርቶ ክረምት መጣበት። እርጥበት ገብቶት በየከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ባለፈው ስሄድ አንዱን በደጃፋቸው አስቀምጠው ተቀምጠውበት ጥጥ ሲፈትሉ አገኘኋቸው። ከዚያ ቦታ ሆነው ሲመለከቱ አጸዱ ፊት ለፊት ይታያል።